የእኛን ባቡር ሜትር ይዛችሁ ለኩልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን አንድ አንባቢያችሁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ አዋቂ ሰው ቁጭ ብሎ ትንንሽ ባቡር ሲገጣጥም መዋሉ ሥራ መፍታት እንደሆነ ነግሮናል። ነገሩ እኔን ስለሚነካ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሥራ አልፈታሁም። ጅማ ውስጥ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር እጠግናለሁ። ቀን እጄ ከብየዳ ካውያ አይለይም፣ ማታ ደግሞ በዚያው ካውያ ባቡር እሠራለሁ። ሌላው ሰው ኳስ ላይ ወይም ጫት ላይ የሚያሳልፈውን ሰዓት እኔ ሐዲድ ላይ ባሳልፈው ማን ተጎዳ? እርግጥ ባለቤቴ ትንሽ ተጎድታለች፣ ጓዳው ተወስዶባታል።

ግን የጻፍኩት ለመከራከር አይደለም። ሰውየው ሳያስበው አንድ እውነት ተናግሯል፤ የምንጫወተው በሰው አገር ባቡር ነው ብሏል። ልክ ነው። ዩቲዩብ ከፍታችሁ ብትፈልጉ የምታገኙት የጀርመን መንደር፣ የስዊዘርላንድ ተራራ፣ የእንግሊዝ ጣቢያ ነው። ሃምቡርግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተ አንድ የትንንሽ ባቡሮች ዓለም አለ፣ ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ይሉታል፤ ሰዉ ከመላው ዓለም እየሄደ ያየዋል። ጀርመኖቹ ማርክሊኖች ከ1859 ጀምሮ (እ.ኤ.አ. ነው) መጫወቻ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ ዛሬ የአገራቸውን ሎኮሞቲቭ (ጎታቹን ባቡር ማለቴ ነው) ከትልቁ እስከ ትንሹ እስከ ብሎኑ ድረስ ቀንሰው ይሸጣሉ። ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ይገባ የነበረውን የእኛን የድሮ ምድር ባቡር ግን ሱቅ ገብተህ አትገዛውም። ከፈለግህ ራስህ ትሠራለህ። ራስህ ለመሥራት ደግሞ ልኩን ማወቅ አለብህ። ጣጣው እዚህ ጋ ነው፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ለማያውቀው ሰው ስለ ልክ ትንሽ ልበል። በጣም የተለመደው ኤች ኦ የሚባለው ነው፤ ሁሉም ነገር በ87 ይካፈላል። 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። መደበኛው የባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ87 ሲካፈል 16.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ሐዲድ ይህ ነው። የድሮው ምድር ባቡራችን ግን ጠባብ ነበር፣ ልክ 1 ሜትር። እሱ በ87 ሲካፈል ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አንዳንድ ሰው ይህችን ልዩነት ንቆ የእኛን ባቡር 16.5 ላይ ያስቀምጠዋል፤ ያን ጊዜ እግሩን አንፈራጦ የቆመ ሰው ይመስላል፣ አያምርም። ቦታ ለሌለው ደግሞ ኤን የሚባል አለ፣ በ160 የሚካፈል፣ ሐዲዱ 9 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ። እኔ ዓይኔ ስለማይችለው ትቼዋለሁ።

መስመሩን በሙሉ ልሥራ ያለ ሰው ካለ ደግሞ ሒሳቡን ይኸውና። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር በ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከጅማ መርካቶ ተነስቶ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግቢ ድረስ ሐዲድ መዘርጋት ማለት ነው፣ ትርፍም ይኖረዋል። ስለዚህ ማንም ሰው መስመሩን በሙሉ አይሠራም። አንድ ጣቢያ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ ዳገት ይመርጣል። እኔ አዋሽ ጣቢያን መርጫለሁ።

አሁን ወደምወዳቸው ባቡሮች ልምጣ፤ ይህን ካልጻፍኩ ደብዳቤው ደስ አይለኝም።

አንደኛ የእንፋሎቱ ነው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ፈቃድ የሰጡት ለአልፍሬድ ኢልግ ነው፣ እሱም የስዊዘርላንድ ሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ ላይ ከሠሩት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች መካከል የስዊዘርላንዱ የቪንተርቱር ፋብሪካ የሠራቸው አሉ። ይህ ፋብሪካ ለአገሩ ተራራማ የ1 ሜትር መስመሮችም ሎኮሞቲቭ ሲሠራ የኖረ ነው። ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል? በጣም ይጠቅማል። የስዊዘርላንድን ጠባብ ባቡሮች በ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ የሚሠሩ አምራቾች ስላሉ፣ ከእነሱ ሞተርና ጎማውን ያዘለውን የታችኛውን ክፍል ገዝተህ ላዩን በላሜራ የራስህን መሥራት ትችላለህ። የአንድ አገር እጅ ያለበት ስለሆነ አካሉ ብዙም አይቃረንም። ውድ ነው፣ አልዋሽም። ብር ከሌለህ እንደኔ ከአሮጌ ፕሪንተር ሞተር ታወጣለህ፣ ጎማውን ከነሐስ ቶርኖ ቤት ታስቆርጣለህ። ቶርኖ ቤቱ መጀመሪያ ይስቅብሃል፣ ከዚያ ይለምደዋል።

ሁለተኛ ሊቶሪና ናት። በጣሊያን ጊዜ ፊያት ሠርቶ ያመጣት፣ ጎታች የማያስፈልጋት፣ ሞተሯን ራሷ ውስጥ ይዛ ሰው ጭና የምትበር። ለጀማሪ የምመክረው እሷን ነው። ፉርጎ የለ፣ ጭስ የለ፣ ብዙ ዘንግ የለ፣ አንድ አካል ብቻ ናት። ከላሜራ ወይም ከወፍራም ካርቶን ቆርጠህ መስኮቱን ከፍተህ ከሥር ሞተር ትሰካለህ፣ አለቀ። ሁለት ወንበር ላይ ሰው አስቀምጠህባት አዋሽ ድልድይ ላይ ስትሄድ ማየት ነው።

ሦስተኛ ናፍጣዎቹ፣ በተለይ የፈረንሳዮቹ አልስቶሞች። ብዙ ሰው ናፍጣ ባቡር ውበት የለውም ይላል። እኔ አልስማማም። ያንን መስመር እስቲ አስቡት፤ ከባሕር ጠለል ተነስቶ በደወሌና በአይሻ በረሃ አልፎ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ይጠጣል፣ በረሃ ላይ ደግሞ ውሃ የለም፣ ያለውም ጨው ስለሚበዛበት ቦይለሩን ያበላሻል። ናፍጣው ሲመጣ ከዚህ ሁሉ ሥቃይ ገላገለ። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ስለ ባቡር ሲያወራ ብዙ ጊዜ ጆሮው ውስጥ ያለው የናፍጣው ድምፅ ነው።

የኤርትራውን ማሌት ሳልጠራ ባልፍ ደግሞ ይቅር አይለኝም። ሐዲዱ ከእኛም ይጠብባል፣ 950 ሚሊ ሜትር ነው። ከምጽዋ አስመራ 118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ማሌት ማለት በአንድ ቦይለር ሥር ሁለት የጎማ ክፍል ያለው፣ የፊተኛው ክፍል ለብቻው የሚታጠፍ ሎኮሞቲቭ ነው። ስለዚህ ጉልበቱ ትልቅ ሆኖ ሳለ ጠባብ ጥምዝ ላይ ይዞራል። ጠባብ ክፍል ላለው ሞዴል ሠሪ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

የአዲሱ መስመር የቻይና ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ 7,200 ኪሎዋት ጉልበት አለው፤ አከብረዋለሁ። ፍቅር ግን አልያዘኝም። ልጆቼ ይወዱታል፣ እነሱ ሲያድጉ ይሥሩት።

አሠራሩን በተመለከተ «ዕቃው ከውጭ ካልመጣ አይሆንም» ለሚል ሰው ጅማ መልስ አላት። እንጨት ቤቶቻችን የሚጥሉት ሰጋቱራ አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ነክረህ ስታደርቀው ሣር ነው። የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ በመቀስ ደቅቆ ቀለም ሲገባ የዛፍ ቅጠል ይሆናል። መሬቱ ደግሞ የቡና አተላ ነው፤ ይህን ውጭ ያሉትም ያደርጉታል፣ እኛ ግን አተላው ከደጃችን አይጠፋም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ አተላው ርጥብ ሆኖ ከተለጠፈ በጅማ አየር ውስጥ በሳምንቱ ይሻግታል። ምጣድ ላይ በደንብ አድርቁት፣ ከዚያ በወንፊት ንፉት። ከሐዲዱ ሥር የሚፈሰውን ጠጠር ከአሸዋ ነፍታችሁ ካፈሰሳችሁ በኋላ የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥናችሁ፣ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ በመርፌ አንጠባጥቡበት። ሳሙናው ከሌለ ኮላው አሸዋው ላይ ኳስ ኳስ ሆኖ ይቀራል እንጂ አይሰርግም።

ተራራው የሚሠራው ከተጨማደደ ጋዜጣና ከጀሶ ነው። የእናንተው ጋዜጣ ወረቀት ጥሩ ነው፣ ጀሶ ይይዛል። ርዕሰ አንቀጾቻችሁ ግቤ ተራራ ሥር ተኝተዋል፣ እንዳትቀየሙኝ።

ኤሌክትሪኩ ሰው እንደሚፈራው አይደለም፣ ቀላል ነው። ባቡሩ የሚሄደው በ12 ቮልት ዲሲ ነው፤ አንዱ ሐዲድ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ። ሽቦውን ስትገለብጠው ባቡሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። የሪሲቨር አዳፕተር 12 ቮልት ነው፣ ከእሱ ላይ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ትጨምራለህ፣ በቃ። ከሐዲዱ ላይ ግን በየሜትሩ ሽቦ አውርዳችሁ ከዋናው ጋር አያይዙ፤ አለዚያ ባቡሩ ሩቅ ሲሄድ ይደክመዋል። ሌላው፣ ሐዲዱ ዞሮ ራሱ ላይ የሚገጥም ከሆነ ፖዘቲቩ ከኔጋቲቩ ጋር ይገናኝና ሾርት ያደርጋል፤ እዚያ ጋ ሐዲዱን ቆርጦ ለብቻው ማብሪያ መስጠት ያስፈልጋል። የጅማ ርጥበት ነገር እንዳትረሱ፤ የብረት ሐዲድ ይዝጋል፣ ናሱ ደግሞ ይጠቁርና ኤሌክትሪክ ይከለክላል። ከመጫወት በፊት በአልኮል በራሰ ጨርቅ ማበስ ግድ ነው። መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋለህ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። በመኪና ባትሪ አሠራዋለሁ፣ እሱም 12 ቮልት ነው። እንዲያውም ሰፈሩ ጨለማ ሆኖ የጣቢያዋ መብራት ብቻ ሲበራ የጎረቤት ልጆች ይሰበሰባሉ።

ከአዋሽ ሌላ በግድግዳው በኩል የራሴን ፈጠራ ጨምሬያለሁ። ጅማ ባቡር ኖሯት አያውቅም። በብሔራዊው የባቡር ዕቅድ ውስጥ ግን ከአዲስ አበባ በኢጃጂ አድርጎ ጅማ ገብቶ ወደ ጉራፈርዳና ዲማ የሚቀጥል መስመር ተሥሎ ነበር። ሲሠራ እናያለን። እስከዚያው እኔ ቤት ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ እሱም በሰፊው ሳይሆን በ1 ሜትሩ፤ የቀድሞው ምድር ባቡር ወደ እኛ ቀጥሎ ቢሆን ኖሮ በሚል። ትልቁ ራስ ምታት ግቤ ነው። በመኪናው መንገድ የሄደ ሰው ያውቀዋል፣ ከሶኮሩ በኋላ ወርደህ ወርደህ በረሃ ትገባለህ፣ እንደገና ትወጣለህ። ከጅማ እስከ ግቤ ሸለቆ ያለው የከፍታ ልዩነት 600 ሜትር ገደማ ነው። በ87 ሲካፈል ወደ 7 ሜትር ይጠጋል! ጣሪያ ቀድጄ ላውጣው? ስለዚህ ይጨመቃል። ባቡር ዳገት አይወድም፤ በሞዴሉም ቢሆን በ100 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወጣ ትንሹ ሎኮሞቲቭ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። አንዱ ባቡር በሌላው ላይ ድልድይ ተሻግሮ እንዲያልፍ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይፈልጋል፣ በዚህ ዳገት 8 ሴንቲ ሜትር ለመውጣት ከ2 ሜትር ተኩል የሚበልጥ ሐዲድ ይበላል። ጓዳው የተወሰደው በዚህ ምክንያት ነው፣ ባለቤቴ ይህን ታንብብልኝ።

እንግዲህ ወደ ጣጣው ልመለስ።

እዚህ ጅማ ልጃቸው ጋ የሚኖሩ፣ ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ አንድ አባት አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ ይላሉ። የሠራሁትን ናፍጣ አንስተው አገላብጠው አዩና «አሸዋ መንፊያው የታለ?» አሉኝ። ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሐዲድ ሲረጥብ ጎማ እንዳይንሸራተት ከጎማው ፊት አሸዋ የሚያፈስ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ከሳጥኑ ወርዶ ሐዲዱ ላይ ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ይቆማል። «ይሄ ከሌለ ዳገት ላይ ቀረህ» አሉኝ፣ ጥፍራቸውን ጎማው ፊት ላይ አድርገው እየጠቆሙ። ከተቃጠለ ትራንስፎርመር የመዳብ ሽቦ አውጥቼ አጥፌ ለጠፍኩት። ዛሬ ያ ሽቦ ባይኖር ባቡሩ ባዶ ይመስለኛል።

ቀለሙን ስጠይቃቸው ግን ሌላ ነገር ሆነ። እሳቸው አንድ ቀለም ነገሩኝ፣ በስልክ ያገኘናቸው የድሮ ባልደረባቸው ሌላ ቀለም አሉ፤ ተከራከሩ፣ ሊኳረፉም ደረሱ። እኔ የያዝኩት ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው። ምናልባት ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ባቡር በየጊዜው ይቀባልና። ግን እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ካለፉ በኋላ ማንን እጠይቃለሁ?

ለዚህ ነው ጣጣ ያልኩት። ሎኮሞቲቮቹ ያን ያህል አልጠፉም። ድሬዳዋ የጥገና ክፍሉ ግቢ ውስጥ አሮጌዎቹ እስካሁን አሉ፣ ፉርጎዎችም አሉ። መስመሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገብቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሷል፤ ለገሃር ጣቢያ እንደቆመ ነው። አዲሱ ባለ 1,435 መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎናል፣ የድሮው ግን በዝገት እያለቀ ነው። ብረት ደግሞ በኪሎ የሚፈልገው ሰው አያጣም። የአንዱን ፉርጎ ቁመት ዛሬ ሜትር ይዘህ ብትለካው 10 ደቂቃ አይፈጅም። ተቆራርጦ ከተጫነ በኋላ ግን ማንም አይነግርህም።

እኔ ልለካ ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በሌላ ጊዜ ስሄድ ደግሞ «ለምን ይሆናል ሜትሩ?» አሉኝ። ለመጫወቻ ባቡር ነው ብል ማን ያስገባኛል? ለጥናት ነው አልኩ፣ «የየትኛው ዩኒቨርሲቲ?» ተባልኩ። ተመለስኩ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሜትር ይዞ የሚመጣ ሰው አይተው ስለማያውቁ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ድሬዳዋ፣ አዲስ አበባ፣ አዋሽ፣ መተሐራ ያላችሁ የጋዜጣው አንባቢዎች፣ ግቢው የሚፈቀድላችሁ ከሆነ ሜትር ያዙና ግቡ። ልኬቱ የሊቅ ሥራ አይደለም። ጠቅላላ ርዝመት፣ ስፋት፣ ከሐዲድ እስከ ጣሪያ ቁመት፣ የጎማ ዲያሜትር፣ ከጎማ እስከ ጎማ ያለው ርቀት። ይህን ካገኘን የቀረውን ከፎቶ እናወጣዋለን። ፎቶ ስታነሡ ከጎን ቀጥ ብላችሁ፣ ራቅ ብላችሁ አንሡ፤ ጠጋ ብሎ የተነሣ ፎቶ ጫፍና ጫፉን ያጣምመዋል። ከሎኮሞቲቩ ጋር አንድ ልኩ የታወቀ ዘንግ አቁሙ፣ 1 ሜትር ቢሆን ይበቃል፣ ከዚያ ሁሉንም ነገር ከዘንጉ ጋር እያነጻጸርን እንለካለን። ቀለም ከላጠ ከሥሩ ያለውን ንብርብርም አንሡት፤ ሽማግሌዎቹን የሚያስታርቀው እሱ ነው።

ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የምታስተምሩ ሰዎች ደግሞ፣ ተማሪ ድሮዊንግ ሲማር አንድ የማያውቀውን የማሽን ክፍል ከመጽሐፍ ከሚገለብጥ የአንድ ፉርጎ ልኬት ቢሰጡትስ? የሚማረው ያው ነው፣ ውጤቱ ግን ለአገር ይቀራል። የጅማ ተማሪ ድሬዳዋ ድረስ ባይሄድ የድሬዳዋው ተማሪ ልኬቱን ይልካል፣ የእኛው ደግሞ ሥዕሉን ይሠራል።

አባት ወይም አያት ባቡር ላይ የሠራላችሁ ሰዎች፣ ቁም ሳጥን ላይ ያለውን አልበም ክፈቱት። ሰው ብቻ ሳይሆን ከሰውየው ጀርባ ያለውን ባቡር ተመልከቱልኝ። ቁጥሩ ከታየ ደግሞ በጣም ጥሩ።

የተገኘውን ልኬት ሁሉ በ87ም በ160ም አካፍዬ፣ ሥዕሉን በኤ4 ወረቀት ላይ እንዲወጣ አድርጌ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ በነፃ እልካለሁ። ደብዳቤዬን ካወጣችሁት አድራሻዬ ዝግጅት ክፍሉ ጋ አለ። መጀመሪያ የምሠራው የእንፋሎቱን ነው፤ ሊቶሪናን የሚቀድመኝ ካለ ግን ደስ ይለኛል፣ አንድ የጎረቤት ልጅ ካርቶን መቁረጥ ጀምሯል።

አክባሪያችሁ
አንድ አንባቢ፣ ከጅማ